ፖቶስ ይውጣ እንጂ አይንጠልጠል፦ የሐረጉ አያያዝ በቤት ውስጥ

አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሳሎን የሚታይ ነገር ነው፤ ቡፌው ላይ አንድ የፖቶስ ማሰሮ ተቀምጧል፣ ሐረጉ በክር ተይዞ የመጋረጃውን ዘንግ ተሻግሮ፣ ግድግዳውን ዞሮ ኮሪደር ይደርሳል። ርዝመቱ እንግዳን ያስገርማል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ከማሰሮው አጠገብ ያሉት ቅጠሎች መዳፍ የሚያህሉ ሲሆኑ ጫፉ ላይ ያሉት ከሁለት ጣት አይሰፉም፤ መካከሉም ቅጠሉ ረግፎ ራቁቱን የቀረ ግንድ ነው። ባለቤቱ ውሃ አነሰው ብሎ ይጨምራል፣ ችግሩም ይብሳል።

ፖቶስ ሲፈጠር ዛፍ ላይ የሚወጣ ሐረግ ነው። የትውልድ ቦታው በፓስፊክ ውቅያኖስ፣ ከታሂቲ አጠገብ ያለችው ሞኦሬያ የምትባል ደሴት ናት። በሞቃት አገሮች ጫካ ውስጥ የዛፍ ግንድ ይዞ ሲወጣ ቅጠሉ ከግማሽ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ ነፋስ እንደመታው የኮባ ቅጠልም ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። የሚደገፍበት ያጣ ሐረግ ግን ጉልበቱን የሚጨርሰው ቀጣዩን ዛፍ ፍለጋ በመርዘም ነው፤ ለቅጠሉ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ግድግዳ ለግድግዳ የምንዘረጋውም ሐረግ እንዲሁ ፍለጋ ላይ ነው። ምሰሶ ከተሰጠው ቤት ውስጥ የጫካውን ያህል ባይሰፋም፣ በወራት ውስጥ አዲሱ ቅጠል ከቀድሞው ሲበልጥ ያዩታል።

ሲገዙ

በየመንገዱ ዳር ካሉት የችግኝ መሸጫዎች ሲገዙ በሐረጉ ርዝመት አይማረኩ። አንድ ረጅም ግንድ ብቻ ካለው ማሰሮ ይልቅ፣ አጫጭር ቢሆኑም አምስት ስድስት ግንድ በአንድ ላይ የተተከሉበት ይሻላል። ቅጠሉን ገልብጠው ጀርባውን ይዩ፤ ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ብብት ውስጥ የጥጥ ብናኝ የሚመስል ነጭ ነገር ካለ ተባይ ነውና ይተዉት። አፈሩንም ያሽትቱ፤ የረጋ ውሃ የሚሸት ከሆነ ሥሩ መበስበስ ጀምሯል። ጫፉ ላይ እንደ ተጠቀለለ ወረቀት ያለ አዲስ ቅጠል ካለ ተክሉ በእድገት ላይ ነው።

ቤትዎ ጨለም ያለ ከሆነ አረንጓዴው የሚበዛውን ይምረጡ። ማርብል ኩዊን የሚባለው ነጭ የተረጨበት ዓይነት ያምራል፤ ይሁን እንጂ ነጩ የቅጠሉ ክፍል ምግብ ስለማያዘጋጅ እድገቱ ቀርፋፋ ነው፣ ብርሃንም ይፈልጋል። ሎሚ መልክ ያለው ኒዮንም ጨለማ ውስጥ ውበቱን ያጣል።

አየር ያጠራል ተብለው ከሆነ የሚገዙት ግን ይቅርብዎት። ወሬው የመጣው የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ይፋ ካደረገው ሙከራ ነው፤ ሙከራው የተደረገው ግን አየር በማይገባበት በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ነበር። ሰው የሚኖርበት ቤት ውስጥ መስኮት መክፈት ከብዙ ማሰሮ ይበልጣል። አበባም አይጠብቁ። ፖቶስ አበባ ለማውጣት የሚያስፈልገውን ጂበረሊን የተባለ ሆርሞን በበቂ መጠን እንደማያመርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል። በየቤቱ ያለው ሁሉ በቁርጥራጭ እየተባዛ የመጣ ነው።

ቤት እንደገባ አፈሩን ለመቀየር አይቸኩሉ። ጭቃ ካልሆነ በስተቀር አዲሱን ቦታ እስኪለምድ ሁለት ሳምንት ያህል ይተዉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሠራል። ቅጠሉና ግንዱ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣቶች አሉ። ሕፃን ልጅ፣ ድመት ወይም ውሻ ካኘከው አፍና ምላስ ያቃጥላል፣ ያሳብጣል፣ ለሀጭ ያዝረበርባል። በዳዴ የሚሄድ ልጅ ያለበት ቤት ማሰሮው ወለል ላይ አይቀመጥ። ቆርጠው ሲጨርሱም እጅዎን ይታጠቡ።

ቦታው

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የቀትር ፀሐይዋ በመስታወት በኩል በቀጥታ ካረፈበት የፖቶስን ቅጠል ያቃጥላል። ወደ ምሥራቅ የሚያይ መስኮት ተመራጭ ነው፤ የማለዳዋ ፀሐይ ለስላሳ ናትና። ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ ስስ መጋረጃ ይጋርዱለት ወይም ከመስኮቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ያርቁት።

ብርሃኑ መብቃቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። እኩለ ቀን ላይ ተክሉ በሚቀመጥበት ቦታ ነጭ ወረቀት ያንጥፉና መዳፍዎን ከወረቀቱ አንድ ክንድ ከፍታ ላይ ይዘርጉ። የጥላው ጠርዝ ጥርት ብሎ ጣትዎ የሚቆጠር ከሆነ ብርሃኑ በዝቷል። የእጅ ቅርጽ መሆኑ እየታወቀ ጠርዙ ከደበዘዘ ልክ ነው። ጥላ ጨርሶ ካልታየ ተክሉ አይሞትም፣ ግን አያድግም፤ የቅጠሉ ወርቃማ መልክ ይጠፋል፣ ከአንጓ እስከ አንጓ (ቅጠል የሚወጣበት የግንዱ ቋጠሮ ነው) ያለው ርቀትም ይረዝማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሰማዩ ሲጠቁር ማሰሮውን ወደ መስኮቱ ጠጋ ማድረግ ያስፈልጋል።

ከብርሃኑ ይልቅ የሚዘነጋው ብርዱ ነው። ፖቶስ የሚመቸው ከ18 እስከ 29 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ሙቀት ሲሆን፣ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ይጎዳል። ማሞቂያ በሌለው ቤት የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት መስኮት ሥር ላለ ተክል ከባድ ነው። በእነዚህ ወራት ማታ ማታ ከመስታወቱ ያርቁት፤ ከሲሚንቶ ወለልም አንስተው በርጩማ ላይ ያስቀምጡት። ድሬዳዋ ያለ ሰው ይህ አያሳስበውም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ለምትኖሩ ደግሞ ጠላቱ የኤሲው ቀዝቃዛ ነፋስ ነው፤ በቀጥታ እንዳያገኘው ዞር ማድረግ ነው። ዋሽንግተንም ሆነ ስቶክሆልም የክረምት ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው ከማሞቂያው ላይ አይቀመጥም።

አፈሩና ማሰሮው

ከግቢ የተዛቀ ጥቁር አፈር ብቻውን ፖቶስ ይገድላል። ሲረጥብ ይጣበቃል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በሁለቱም ጊዜ ሥሩ አየር ያጣል። የሚሠራው ድብልቅ ይህ ነው፦ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ሬድ አሽ። ሬድ አሽ ቤት ሲሠራ ለሙሌት የሚደፋው ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፤ ግንባታ ካለበት ሰፈር አንድ ባልዲ ማግኘት አይከብድም። በወንፊት ነፍተው ዱቄቱን ይድፉ፣ የሽምብራ ፍሬ የሚያህለውን ያስቀሩ፣ አጥበው ይጠቀሙ። ጥቂት የከሰል ስብርባሪ ቢጨመር ጥሩ ነው፤ ባይገኝም አይጎድልም።

ድብልቁን በትንሹ አርጥበው እፍኝ ሙሉ ይጭበጡ። መዳፍዎን ሲከፍቱ ቅርጹን ይዞ፣ በጣት ነካ ሲያደርጉት ከተፈረፈረ ደርሷል። እንደ ድቡልቡል ጭቃ ሆኖ ከቀረ ሬድ አሽ ይጨምሩ።

ማሰሮው ከሥሩ ቀዳዳ ይኑረው፤ በዚህ ድርድር የለም። የሸክላ ማሰሮ ጥሩ ነው። የአምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን አናቱን ቆርጦ፣ በጋለ ምስማር ታችኛውን አምስት ስድስት ቦታ በስቶ መጠቀምም ይቻላል፤ ያማረና ቀዳዳ የሌለው ማሰሮ ካለዎት ጄሪካኑን ውስጡ ያስገቡት። ብዙ ሰው ከማሰሮው ሥር ጠጠር ይደረድራል። ውሃ ግን ከደቃቅ አፈር ወደ ጠጠር ወዲያው አይወርድም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር ተጠምቆ ይቆያል፣ ለሥሩ የሚሆነውም ቦታ በከንቱ ይያዛል። ጠጠሩን ከአፈሩ ጋር መቀላቀል ነው የሚጠቅመው።

ምሰሶው

ከሌላው ሁሉ ይበልጥ ጊዜ ሊሰጡት የሚገባው ሥራ ይህ ነው። በውጭ አገር የሚሸጠው በደን ሽበት የተሸፈነ ምሰሶ ነው፤ እኛ ዘንድ ያለው ቁሳቁስ ግን ይበቃል፣ ዋጋውም አይገናኝም።

1. አንድ ሜትር ከሃያ ሳንቲሜትር ያህል የሚረዝም፣ ውፍረቱ አራት አምስት ሳንቲሜትር የሆነ አጣና ወይም ቀርከሃ ያዘጋጁ። አጣናው የደረቀና ልጡ የተላጠ ይሁን።

2. የቡና ጆንያ በ20 ሳንቲሜትር ስፋት ቀደው፣ ከታች አሥር ሳንቲሜትር ያህል አስቀርተው ምሰሶው ላይ ሁለት ሦስት ዙር ይጠቅልሉ። የማዳበሪያ ከረጢት አይሆንም፤ ፕላስቲክ ስለሆነ ውሃ አይይዝም፣ ሥሩም አይቆናጠጠውም።

3. በጆንያው ላይ የቃጫ ገመድ ከታች እስከ ላይ ጠበቅ አድርገው ይጠምጥሙ፤ በእያንዳንዱ ዙር መካከል አንድ ጣት ያህል ክፍተት ይተዉ። ገመዱ ጆንያውን ይይዛል፣ ለሥሩም መቆናጠጫ ይሆናል። ጫፉን በትንሽ ምስማር ይምቱት።

4. ምሰሶውን የሚተክሉት ማሰሮ በሚቀይሩበት ጊዜ ነው። መጀመሪያ ባዶው ማሰሮ መሐል ያቁሙት፣ እግሩን በሁለት ሦስት ድንጋይ ያስደግፉት፣ ከዚያ አፈሩንና ተክሉን ዙሪያውን ይሙሉ። ሥር በሞላው ማሰሮ ውስጥ እንጨት መሰካት ሥሩን ይበጥሳል፤ ምሰሶውም ተወዛውዞ ይወድቃል።

5. ግንዱን ይመርምሩት። በእያንዳንዱ አንጓ ላይ ቡናማ፣ አጭር፣ ጉብ ያለ ነገር አለ፤ በአየር ላይ የሚበቅለው ሥር ነው። የሚወጣው ከግንዱ በአንድ ወገን ነው። ያ ወገን ወደ ምሰሶው መዞር አለበት። ቅጠሉ ወደ ምሰሶው፣ ሥሩ ወደ ውጭ ሆኖ ከታሰረ ለዓመት ቢቆይም አይይዝም።

6. ከአሮጌ ነጠላ በተቀደደ ስስ ጨርቅ ወይም በስቶኪንግ ቁራጭ አንጓው አጠገብ ግንዱን ከምሰሶው ጋር ይሰሩት። ማሰሪያው በግንዱና በምሰሶው መካከል አንድ ጊዜ ተጣምሮ ላላ ያለ ይሁን፤ ትንሿ ጣትዎ በውስጡ ማለፍ አለባት። የቅጠሉን ዘንግ ግን አይሰሩ፤ ቅጠሉ ብርሃን እየተከተለ መዞር ይፈልጋል። ሽቦና ናይለን ክር ግንዱን ይቆርጠዋል።

7. ጆንያው እርጥብ ካልሆነ ሥሩ አይገባበትም። በሦስት በአራት ቀን አንዴ በአነስተኛ ኩባያ ውሃ ከምሰሶው አናት ቀስ አድርገው ያፍስሱ፤ ተንጠባጥቦ ማሰሮው ከመድረሱ በፊት ጆንያው ይምጠጠው። ይህን ያደረጉ ሰሞን የአፈሩን ውሃ ይቀንሱ።

ሥሩ ጆንያውን በስቶ ከገባ በኋላ ማሰሪያውን መፍታት ይችላሉ። አሮጌዎቹ ቅጠሎች ባሉበት ይቀራሉ፤ የሚሰፉት ከዚያ በኋላ የሚወጡት ናቸው። ስለዚህ በወሩ ለውጥ አላየሁም ብለው አይንቀሉት። ግድግዳው ላይ ለዓመታት የተዘረጋ ረጅም ሐረግ ካለዎት እሱን መልሶ ምሰሶ ላይ ለመጠምጠም አይድከሙ፤ ከማሰሮው ጥቂት አንጓ አስቀርተው ይቁረጡት፣ ከቁራጩም ብዙ ችግኝ ያገኛሉ።

ውሃው

ፖቶስ በጥማት ከሚሞተው በውሃ ብዛት የሚሞተው ይበልጣል። በሳምንት ይህን ያህል ቀን ብሎ መቁጠር አይሠራም፤ ጣትዎን እስከ ሁለተኛው አንጓ አፈሩ ውስጥ ያስገቡ። እርጥበት ከተሰማዎት ይተዉት። ከደረቀ ውሃው በማሰሮው ቀዳዳ እስኪወርድ ድረስ ያጠጡ፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይድፉ። በአዲስ አበባ በበጋ ይህ በሳምንት አንዴ ገደማ፣ በክረምት ደግሞ በሁለትና በሦስት ሳምንት አንዴ ሊሆን ይችላል። ማሰሮውን ብድግ አድርጎ ክብደቱን መልመድም ጥሩ ዘዴ ነው፤ የደረቀ ማሰሮ ቀላል ነው።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከበርሜል የሚቀዳው ውሃ ጠዋት ጠዋት በጣም ይቀዘቅዛል። ማታ ቀድተው ቤት ውስጥ ያሳድሩት።

የቡና አተላ ማሰሮ ላይ መድፋት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። ይቅር። አተላው ላዩ ላይ ተጋግሮ አየር ይከለክላል፣ ይሻግታል፣ ትንንሽ ጥቋቁር ዝንቦችንም ይጠራል። ከሌላው ጥራጊ ጋር ኮምፖስት ውስጥ ገብቶ ሲበሰብስ ግን ጥሩ ነው።

ምግቡና ጽዳቱ

ብዙ አይበላም። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በየካቲትና በመስከረም፣ የላዩን አፈር ሁለት ጣት ያህል አንስተው በኮምፖስት መተካት ይበቃዋል። የተዘጋጀ የቤት ተክል ማዳበሪያ ካገኙ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው መጠን በግማሽ ይቀንሱና በሚያድግበት ወቅት በወር አንዴ ይስጡ። ለእርሻ የሚሆነውን ዩሪያ ማሰሮ ላይ መበተን ሥር ያቃጥላል፤ ቁንጥር ብቻ የሚሉ ሰዎች ቁንጥራቸውን አይመዝኑም።

ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት ቅጠል ላይ ጥላሸትና አቧራ ይጋገራል። በሁለት ሳምንት አንዴ እርጥብ ጨርቅ ይዘው፣ ቅጠሉን በአንድ እጅ መዳፍ ከሥር ደግፈው፣ ከዘንጉ ወደ ጫፉ ይጥረጉ። እንዲያብለጨልጭ ብሎ ዘይት መቀባት የቅጠሉን መተንፈሻ ይደፍናል፣ ተጨማሪ አቧራም ያከማቻል።

በየዓመቱ ወይም በሁለት ዓመት ሥሩ ከታች ቀዳዳ ሲወጣ ማሰሮውን ሦስት አራት ሳንቲሜትር በሚሰፋ ይቀይሩ። ከዚያ በላይ ማስፋት ሥር ያልደረሰበት እርጥብ አፈር ማከማቸት ነው። ብርዱ ካለፈ በኋላ፣ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ይስማማዋል።

ሲታመም

ከታች አንድ ሁለት ቅጠል ቢጫ ቢሆን እርጅና ነው፤ ቆርጦ መጣል ነው። አፈሩ እርጥብ እያለ ብዙ ቅጠል አንድ ላይ ቢጫ ከሆነ፣ ወይም ተክሉ ከጠወለገ፣ ሥሩ በስብሷል። አይጠብቁ፤ ያውጡት፣ ሥሩን በውሃ ያጥቡት። ነጭና ጠንካራ የሆነው ደህና ነው፤ ቡናማ ሆኖ በጣት ሲይዙት የሚሟሽሸውን በንጹሕ መቀስ ቆርጠው በአዲስ አፈር ይትከሉት። ጤነኛ ሥር ካልተረፈ ከላይ ያለውን ደህና ግንድ ቆርጠው ውሃ ውስጥ ያድርጉ።

አፈሩ ደርቆ ከጠወለገ ጠምቶት ነው፤ ቢጠጣ ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ይቀናል። ከብርዳማ ሌሊት በኋላ የሚታይ ጠቆር ያለ ውሃ የቋጠረ ነጥብ የብርድ ጉዳት ምልክት ነው፤ አይድንም፣ ቅጠሉን ቆርጦ ቦታውን መቀየር ብቻ ነው። ጥጥ የሚመስለውን ተባይ ከመድኃኒት ቤት በሚገዛ አልኮል በተነከረ ጥጥ አንድ በአንድ ይጥረጉ፤ በየሳምንቱ ለአንድ ወር ካልደገሙት እንቁላሉ ይፈለፈላል። ከአፈሩ የሚነሱት ትንንሽ ዝንቦች ላዩ ደርቆ ሲቆይ ይጠፋሉ።

ማባዛት

ምሰሶው ጫፍ የደረሰውን ሐረግ መቁረጥ አያሳዝንዎት። ከአንጓው አንድ ሳንቲሜትር ዝቅ ብለው በሹል መቀስ ይቁረጡ። እያንዳንዱ ቁራጭ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል ሁለት አንጓና አንድ ሁለት ቅጠል ይኑረው፤ አንጓ የሌለው ቅጠል ሥር ቢያወጣም እንኳ ተክል አይሆንም። የታችኛውን ቅጠል አንስተው አንጓው ብቻ ውሃ ውስጥ እንዲገባ አድርገው በብርጭቆ ያስቀምጡ፣ ውሃውን በየሳምንቱ ይቀይሩ። በሞቃት ወራት በሁለት ሳምንት ገደማ ሥር ይታያል፤ በታኅሣሥ ብርድ እጥፍ ጊዜ ይወስዳል።

ሥሩ አምስት ሳንቲሜትር ሲሞላ ወደ አፈር ያዛውሩት። ከዚያ በላይ ውሃ ውስጥ ከቆየ ውሃውን ስለሚለምድ አፈር ያስቸግረዋል። በተተከለበት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንት አፈሩ እርጥበት አይለየው፣ ቀስ በቀስ ወደ ተለመደው የውሃ ልክ ይመለሱ። ከተቆረጠበት ቦታ በታች ካለው አንጓ እናቲቱ አዲስ ቀንበጥ ታወጣለች፤ ከአዲሶቹ ችግኞች ሦስት አራቱን ደግሞ እዚያው ማሰሮ ውስጥ፣ የምሰሶው ባዶ ጎን ላይ ይትከሉ።